ለልጅ ትምህርት ባሕር ማዶ ሲታሰብ፤ መጀመሪያ የቪዛው ዓይነት ይታወቅ

በዚህ ሰሞን አንዲት እናት ለዚህ ዓምድ ደብዳቤ ጽፈውልናል። የሁለት ልጆች እናት፣ በሙያቸው የሒሳብ ሠራተኛ ናቸው። ትልቋ ልጃቸው 12 ዓመቷ፣ ታናሽ ወንድሟ 8 ዓመቱ ሲሆን፣ ሁለቱም አዲስ አበባ በሊሴ ገብረ ማርያም ይማራሉ። ባለቤታቸው ሥራቸውን ይዘው እዚሁ እንዲቆዩ፣ እርሳቸው ደግሞ ልጆቹን ይዘው ወደ ፈረንሳይ እንዲሄዱ በቤተሰቡ ተመክሯል። ልጆች በለመዱት ቋንቋ ትምህርታቸውን እንዲገፉ መመኘት የሚያስወቅስ አይደለም። እኛን ያሳሰበን በደብዳቤው መጨረሻ ላይ የሰፈረው ቃል ነው። «ዘመዶቼ፣ ዋናው መግባቱ ነው፤ ባገኘሽው ቪዛ ግቢ፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት ከገቡ በኋላ ሌላው ሁሉ ይስተካከላል ይሉኛል፤ እናንተስ ምን ትመክሩኛላችሁ?» ይላሉ።

ምክሩ ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሹ ግን ቤት የሚያፈርስ ነው።

እውነት የሆነውን እናስቀድም። በፈረንሳይ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ3 እስከ 16 ዓመት ያለ ማንኛውም ልጅ መማር ግዴታው ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም። ለአንደኛ ደረጃ የሚመዘገበው በሚኖሩበት ከተማ ማዘጋጃ ቤት ሲሆን፣ የልጁ ማንነት፣ የመኖሪያ አድራሻና የክትባት ማስረጃ ይቀርባል እንጂ የወላጅ የመኖሪያ ፈቃድ መመዝገቢያ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅም የራሱን የመኖሪያ ፈቃድ እንዲይዝ አይገደድም። ስለዚህ ልጆቹ ያለ ብዙ ችግር ክፍል ይገባሉ።

ሆኖም የልጅ ትምህርት ቤት መግባት ለእናት የመኖሪያ ፈቃድ አይሆንም። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ለጉብኝት የሚሰጠው የሸንገን ቪዛ በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ አያስቆይም። በዚህ ቪዛ የገባ ሰው፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ እዚያው ሆኖ ወደ ረጅም ጊዜ ፈቃድ ሊያዞረው አይችልም፤ ወደ አገሩ ተመልሶ እንደገና ማመልከት ይኖርበታል። ልጅ ገና ደብተሯን ሳትጨርስ የእናት ቀን ያልቃል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮ በር በተንኳኳ ቁጥር መደንገጥ፣ በስውር ሥራ ጉልበትን በርካሽ መሸጥ፣ አባት ቢታመም እንኳ መጥቶ ለመጠየቅ አለመቻል ነው። ልጅም የእናቷን ጭንቀት ይዛ ክፍል ትገባለች።

እንግዲያው ምርጫው ከረጅም ጊዜ ቪዛዎች መካከል ይሁን። እነርሱም አንድ ዓይነት ስላልሆኑ በየተራ እንያቸው።

የመጀመሪያው ፈረንሳዮች «ቪዚተር» የሚሉት ነው። ስሙ እንግዳ ቢያስመስልም እስከ አንድ ዓመት የሚያስቆይና በየዓመቱ ሊታደስ የሚችል ነው። ነገር ግን ያዢው በፈረንሳይ ምንም ዓይነት ሥራ ላለመሥራት ፈርሞ ይገባል። መተዳደሪያ ገንዘብ እንዳለው በማስረጃ ማሳየት አለበት፤ መለኪያውም የአገሩ ዝቅተኛ ደመወዝ ሲሆን፣ ለአንድ ሰው የተጣራው በወር ከ1,400 ዩሮ በላይ ነው። ልጆች ሲጨመሩ ደግሞ ወጪው ከዚህ ያልፋል። የጤና መድንም ይጠየቃል። ጠያቂያችን ይህን ከመረጡ ሙያቸውን ጥለው ከባለቤታቸው በሚላክ ገንዘብ ብቻ ይኖራሉ። ገንዘቡ በብር የሚገኝ ከሆነ፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ መድረሱን ማስታወስ ይበጃል። ለአንድ ዓመት የተቆጠረው ገንዘብ ለስድስት ወር ላይበቃ ይችላል።

ሁለተኛው እናት ራሷ ተማሪ ሆና የምትሄድበት ነው። ከአንድ ከፍተኛ ትምህርት ተቋም ተቀባይነት ካገኘች የተማሪ ቪዛ ትጠይቃለች፤ በዓመት እስከ 964 ሰዓት ሥራ እንድትሠራም ይፈቀድላታል። ይህ ለባለሙያ ሴት ከእጅ ጠባቂነት የተሻለ መንገድ ነው። ሁለት ነገር ግን ይታወቅ። አንደኛ፣ ፈቃዱ የሚታደሰው በትምህርቷ እየገፋች ስትሄድ ነው። ሁለተኛ፣ ተማሪ መሆኗ ብቻውን ቤተሰብ የማስከተል መብት አይሰጣትም፤ የልጆቹ ቪዛ ለየብቻው ይጠየቃል።

ሦስተኛው በሥራ ምክንያት የሚሰጠው ነው። ለተመራማሪዎችና ከፍ ያለ ሙያና የሥራ ውል ላላቸው ሰዎች «ታላን» በሚል ስም እስከ 4 ዓመት የሚደርስ ፈቃድ አለ። የዚህ ባለቤት የትዳር ጓደኛውንና ልጆቹን ይዞ ለመግባት መብት አለው፤ የትዳር ጓደኛም መሥራት ትችላለች። በሌላው የሥራ ፈቃድ የሚሄድ ሰው ግን ቤተሰቡን ለማስመጣት ለማመልከት በሕጋዊ መንገድ 18 ወር መኖር፣ በቂ ገቢና ቤት ማሳየት ይኖርበታል። ስለዚህ ባልና ሚስት ቁጭ ብለው «ማን ከልጆቹ ጋር ይሂድ?» ከማለታቸው በፊት «በማን ሙያ ብንሄድ ሁላችንም አብረን እንሆናለን?» ብለው ይጠያየቁ። የሚስት ሙያ ከባል ይልቅ በር የሚከፍትበት ጊዜ እንዳለ አይዘንጋ።

አራተኛው ልጅ ያለ ወላጅ የምትሄድበት የተማሪ ሕፃን ቪዛ ነው። ትምህርት ቤት የተቀበላት መሆኑ፣ እዚያ የሚያሳድራትና ኃላፊነት የሚወስድ ሰው መኖሩ፣ የወላጆችም ፈቃድ ይቀርባል። ልጅቷ 18 ዓመት ሲሞላት ግን የራሷን ፈቃድ መጠየቅ ይኖርባታል። ወረቀቱ ቢሟላም እንኳ የ12 ዓመት ልጅ በእናቷ ፈንታ የዘመድ ቤት ይበቃት እንደሆነ የሚመልሰው ቆንስላ ሳይሆን ወላጅ ነው።

የትኛውም ቢመረጥ የአባት ነገር በቃል አይታለፍ። በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ጋብቻው ጸንቶ ሳለ አባትና እናት ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆቻቸው የጋራ ሞግዚቶች ናቸው። ስለዚህ የአባት ስምምነት በጽሑፍ ሆኖ በሰነዶች ማረጋገጫ ይጽደቅ። የልጆቹ የልደት ምስክር ወረቀትና የጋብቻው ማስረጃም አስቀድመው ይውጡ፤ ስሞቹም ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው በፊደል ሳይለያዩ ይጻፉ።

ጊዜውንም መቁጠር ነው። የፈረንሳይ ትምህርት ቤት የሚከፈተው በእኛ ነሐሴ ማለቂያ አካባቢ ነው። የረጅም ጊዜ ቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው 3 ወር ቀደም ብሎ እንጂ ከዚያ በፊት አይቀርብም፤ ይህም ከግንቦት ማለቂያ ገደማ ጀምሮ ማለት ነው። ከገቡም በኋላ እንደ መኖሪያ ፈቃድ የሚያገለግለው ቪዛ በ3 ወር ውስጥ በኢንተርኔት ካልተረጋገጠ ዋጋ ያጣል። በደስታና በቤት ፍለጋ ጥድፊያ ይህን የሚረሳ ሰው አይጠፋምና ቀኑ ግድግዳ ላይ ይጻፍ።

ለእህታችን የምንሰጠው መልስ እንግዲህ ይህ ነው። ቪዛ ሲመርጡ «የትኛው ቶሎ ይሰጠኛል?» አይበሉ። «ታናሹ ልጄ ትምህርቱን እስኪጨርስ ድረስ፣ እኔ በዚያ አገር በየትኛው እየሠራሁ፣ በሕግ ፊት ሳልሸማቀቅ እኖራለሁ?» ይበሉ። ልጅዎ ገና 12፣ ታናሹም 8 ዓመቱ ነው፤ የሚያስቡት ለአሥር ዓመት ያህል ነው። በአሥር ዓመት ላይ የሦስት ወር መሠረት አይጣልም።

ሁሉንም መዝነው ከአራቱ አንዱም የማይሆንዎ ከሆነ፣ መቆየትም ውሳኔ ነው። ልጆችዎ አሁን ያሉበት ትምህርት ቤት የሚያደርሳቸው ፈረንሳይ ያሉ እኩዮቻቸው ወደሚፈተኑት ባካሎሬያ ነው። ልጅዎ ይህን ይዛ በ18 ዓመቷ በራሷ ስም የተማሪ ቪዛ ልትጠይቅ ትችላለች። እስከዚያው እናትና አባቷ አጠገቧ ናቸው፤ የእናት ሙያም አይቋረጥም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ደንቡንም ከዘመድ ወሬ ሳይሆን ከቆንስላው ይጠይቁ፤ በየጊዜው ስለሚለወጥ ባመለከቱበት ዓመት ያለውን ይያዙ። ዘመዶችዎ የመከሩዎት በክፋት አይደለም። ነገር ግን ቀኑ ያለፈበትን ወረቀት ይዘው የሚኖሩት እርስዎ እንጂ እነርሱ አይደሉም።