ታክሲዎን ሲሸጡ እውነተኛውን ዋጋ ይጻፉ

የሠሩበትን ታክሲ ለአገር ልጅ ሲሸጡ፣ ገዥው የሽያጭ ታክስ እንዲቀልለት «ወረቀቱ ላይ ዋጋውን ዝቅ አድርገው ይጻፉልኝ» ብሎ ይለምንዎት ይሆናል። ይሉኝታ ይዞዎት እሺ እንዳይሉ።

የቤት መኪና ከተገዛበት ባነሰ ዋጋ ቢሸጥ የገቢ ታክስ የለበትም። ታክሲ ግን በየዓመቱ የእርጅና ተቀናሽ ተወስዶበታል። «እኔ የማሰላው በማይል ነው» የሚሉም አያመልጡም። አይ.አር.ኤስ. ለ2024 (እ.ኤ.አ.) በማይል ከፈቀደው 67 ሳንቲም ውስጥ 30ው የእርጅና ነው። በዚያ ዓመት መጀመሪያ መኪናውን በ24,000 ዶላር ገዝተው 40,000 ማይል ለሥራ ቢነዱ፣ 12,000 ዶላር ተቀንሶ በሒሳብ የሚቀረው ዋጋ 12,000 ነው። ዓመቱ ሲያልቅ በ15,000 ቢሸጡት፣ 3,000ው ታክስ የሚከፈልበት ትርፍ ሆኖ በፎርም 4797 ይገለጻል።

9,000 ብለው ከጻፉ ትርፉ በወረቀት ኪሣራ ይመስላል፤ ባንክ ያስገቡት 15,000 ግን ይመሰክርብዎታል። ፊርማውም የእርስዎ ነው። ገዥውም ቢሆን ታክሲ ሊሠራበት ከሆነ፣ ተቀናሹን የሚያሰላው ከዚያው ከ9,000 ተነስቶ ነው፤ ዛሬ ያተረፈ መስሎት ነገ ይከስራል።

ወገንዎን መርዳት ከፈለጉ ዋጋውን ከልብዎ ይቀንሱለት፤ የተቀበሉትን ያህል ግን ይጻፉ።