ከእናቶቻችን እጅ የተገኘ ሳይንስ



ላንጋኖ ለሽርሽር ስንሄድ ያለ ስጋት የምንዋኘው ሐይቁ ከቢልሃርዝያ ነፃ ነው ስለሚባል ነው። ዝዋይ ላይ ግን እንጠነቀቃለን።

ከዚህ በሽታ ጋር የታገሉትን ዶ/ር አክሊሉ ለማን ስንቶቻችን እናውቃለን? እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ፣ በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ምርምራቸው ከዚያ ተነሣ፤ በ1989 ከዶ/ር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አገኙ።

በመድረካችን ኢብን ሲናንና ማልኮም ኤክስን ማንሳታችን ተገቢ ነው፤ አክሊሉንም እንጨምር። እሳቸው ይህን ያዩት የአጣቢ እናቶችን ሥራ ስላልናቁ ነው። እኛም የመመረቂያ ፕሮጀክት ስንፈልግ ከኢንተርኔት በፊት እናቶቻችንን እንጠይቅ።

አላህ የሚጠቅም ዕውቀት ይስጠን።