ስለ መራጭ ድመት አመጋገብ

«ድመት መንኵሳ ዐመሏን አትረሳ» የሚለውን ምሳሌ የማያውቅ የአገራችን ሰው የለም። ምሳሌው የሚነገረው ስለ ሰው ነው፤ ይኸውም ልብሱን ለውጦ ጠባዩን ያልለወጠውን ለመንቀፍ ነው። እኛ ግን ዛሬ ሰውን ትተን ስለ ራሷ ስለ ድመቲቱ ልንናገር አስበናል። ድመት ሥጋን የምትሻው በዐመል ነውን፥ ወይስ በተፈጥሮ? ነገሩ ጨዋታ ይመስላል፤ ነገር ግን እህሉን በጐተራ ለሚያኖር ቤተ ሰብ ሁሉ ትልቅ ጥቅም ያለበት ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ በሚወስደው መንገድ ላይ፥ በቆቦና በአላማጣ መካከል ያለችው ዋጃ የማሽላና የጤፍ አገር ናት። በራያ ቈላ ገበሬው ከዝናም እጥረትና ከአረም ከተባይም ጋር ታግሎ ያገኘውን እህል ወደ ቤቱ ካስገባ በኋላ አንድ ጠላት ይቀረዋል፤ እርሱም አይጥ ነው። አይጥ እህል መብላቱ ብቻ ቢሆን በተቻለ ነበር፤ ነገር ግን በሽንቱና በኵሱ የሚያበላሸውም ቀላል አይደለም፤ ጆንያ ይቀድዳል፥ ጐተራ ይበሳል፥ በሽታም ያመጣል። ስለዚህ በቈላ ቤት ድመት ጌጥ አይደለችም፤ የእህል ዘበኛ ናት። ዘበኛ ደግሞ ቀለብ ይሻል።

ሰውና ድመት የተገናኙትም በዚሁ በእህል ምክንያት እንደ ሆነ ሊቃውንት ይናገራሉ። ሰው እህል ዘርቶ ማከማቸት በጀመረ ጊዜ አይጥ ወደ ጐተራው መጣ፤ አይጡን ተከትላ የዱር ድመት መጣች። እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ2004 በታተመ ጥናት፥ በቆጵሮስ ደሴት ከሰው አጠገብ የተቀበረች የድመት አፅም መገኘቱ ተገልጧል፤ ዕድሜውም 9500 ዓመት ያህል ነው። እንግዲህ ድመት ወደ ሰው ቤት የመጣችው ለእንጀራ ብላ አይደለም።

ብዙ የቤት እመቤቶች ግን «ድመታችን መራጭ ሆነች፤ የሰጠናትን አሽትታ ትታው ትሄዳለች» እያሉ ይከሷታል። እኛ በፍርድ ቤት መዝገብ ስንጽፍ የኖርን ስለ ሆንን፥ ከሳሽን ብቻ ሰምቶ መፍረድ እንዳይገባ እናውቃለን። ተከሳሺቱ አንደበት ስለ ሌላት በእርሷ ፈንታ የሊቃውንትን ምስክርነት እናቀርባለን።

ላምና በግ ሣር በልተው ሥጋና ወተት ያደርጉታል። ውሻም ምንም ሥጋ ቢወድድ ከሰው ጋር እህል እየተካፈለ መኖር ይችላል። ድመት ግን ከነዚህ ሁሉ የተለየች ናት። ሰውነቷ ከሚያስፈልገው ነገር አንዳንዱን ከእህል ሠርቶ ማውጣት ስለማይችል፥ ተሠርቶ ያለቀውን ከሌላ እንስሳ ሥጋ መቀበል አለበት። ከዚህም አንዱ ታውሪን የተባለው ነው። ታውሪን በሥጋ፥ ይልቁንም በልብና በዶሮ ጭን ይገኛል፤ በማሽላና በጤፍ፥ በሽምብራና በባቄላ ግን አይገኝም። ታውሪን ያጣች ድመት የዓይኗ ብርሃን እየጠፋ እንደሚሄድ በ1975 በታተመ ጥናት ተገለጠ። በ1987 ደግሞ በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በዴቪስ የሚሠሩ ሊቃውንት፥ ይኸው ጕድለት የልብን ጡንቻ አድክሞ ድመትን እንደሚገድል፥ ታውሪን ቢሰጣትም ልቧ ሊጠና እንደሚችል አስታወቁ። የሚያስደንቀው ነገር ከታመሙት ድመቶች ብዙዎቹ በፋብሪካ የተሰናዳ መኖ የሚበሉ ነበሩ፤ መኖ ሠሪዎች ታውሪኑን የጨመሩበት ከዚያ ወዲህ ነው። ዓይኑ የጠፋ ዘበኛ በሌሊት ምን ሊጠብቅ ይችላል?

ሁለተኛው ምስክርነት ስለ ቪታሚን ኤ ነው። ሰው ከካሮትና ከጐመን የሚያገኘውን ይህን ቪታሚን፥ ድመት ከአትክልት ማውጣት አይሆንላትም፤ ከጕበትና ከመሰለው ማግኘት አለባት። ሦስተኛው ስለ ጣዕም ነው። የጣፋጭን ጣዕም የሚለየው የምላስ መሣሪያ በድመት ዘንድ የማይሠራ መሆኑ በ2005 ታውቋል። ስለዚህ ማር የነካው ዳቦ ሰጥተናት ባትደሰትልን ውለታ ቢስ ብለን አንቈጣት።

ይህ ሁሉ ሲሆን፥ ድመት የመረጠችው ሁሉ ይበጃታል ማለት አይደለም። በልኳንዳ ቤት አጠገብ ያደገች ድመት ጕበት ብቻ መብላት ትለምዳለች፤ ሌላውን ሥጋ አትነካም። ጕበት በመጠኑ ሲሆን መድኀኒት ነው፤ ሲበዛ ግን ቪታሚን ኤው በሰውነቷ ይከማችና የአንገቷ አጥንት እርስ በርሱ እየተጣበቀ ይሄዳል፤ ድመቲቱም አንገቷን አዙራ ጠጕሯን ለመላስ ይሳናታል። አጥንት የሌለበት ቀይ ሥጋ ብቻ የምትበላም እንደዚሁ ካልሲየም ይጐድላታል፤ ይልቁንም ግልገሎች በዚህ ምክንያት አጥንታቸው ሳስቶ ያነክሳሉ፥ ይሰበራሉም። ወተትም ቢሆን ላደገች ድመት ብዙ ጊዜ ሆድ ያስቀምጣታል እንጂ ቀለብ አይሆናትም። ድመት ሙሉ ማዕድ የምታገኘው ከአይጥ ነው፤ በአንድ አይጥ ውስጥ ሥጋውም፥ ልቡም፥ ጕበቱም፥ አጥንቱም በልክ ተሰናድቶ ይገኛልና። እኛም ስንመግባት ይህንኑ ልክ መከተል ይገባናል።

አሁን ወደ አገራችን ልማድ እንመለስ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በክርስቲያን ቤት በዚህ ወራት ሥጋና እንቍላል፥ ወተትና ቅቤ ከማዕድ ይርቃል፤ ለድመቷም የሚተርፋት እንጀራና ሽሮ ነው። በዋጃ የምናውቃቸው አንዲት ባልቴት ድመታቸው በጾም መካከል ምግቧን ተወችና ከቤት ጠፍታ ትውል ጀመር። እርሳቸውም «ልጄ፥ ይህች ጠግባ ነው እንጂ እንጀራማ ሞልቶላታል» አሉን። ሳምንት ሳይሞላ ድመቲቱ ከጐረቤት ግቢ ሦስት ጫጩት በላች። ባለ ጫጩቱም ተቈጥቶ በግቢው የአይጥ መርዝ እንደሚያኖር ተናገረ፤ ነገሩም ከድመት አልፎ በሁለት ቤት መካከል ጠብ ሆነ። ደግነቱ ወደ ፍርድ ቤት ሳይደርስ ሽማግሌዎች ገቡበት። ባልቴቲቱ የጫጩቶቹን ዋጋ ከፈሉ፤ ጐረቤቱም መርዙን ተወ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «እማማ፥ ድመቲቱን እርስዎ ካላበሏት የሰው ንብረት ታበላዎታለች» ብለው የተናገሩት ቃል ከፍርድ የሚቈጠር ነው።

ይህ በድመት ብቻ የሚሆን አይደለም። በትግራይ ስለ ጅብ ተመርምሮ በ2012 የታተመ አንድ ጥናት አለ። በዐቢይ ጾም እርድ ሲቀር ጅቦች የሚለቅሙት ቅሪት ያጣሉ፤ ስለዚህ አህያ ወደ ማደን ይዞራሉ። አጥኚዎቹ የጅብን ኵስ ቢመረምሩ፥ የአህያ ጠጕር ከጾሙ በፊት ከ100 እጅ 15 እጅ ያህል የነበረው በጾሙ ወደ 33 እጅ ወጣ፤ ከጾሙም በኋላ ወደ 22 እጅ ወረደ። ሥጋ በል የሆነ ፍጥረት በጾም ምክንያት ሥጋ መብላቱን አይተውም፤ የሚበላበትን ስፍራ ይለውጣል እንጂ።

«በነነዌስ እንስሳት ጾመው የለምን?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ በትንቢተ ዮናስ የነነዌ ንጉሥ ሰውም እንስሳም እንዳይቀምሱ ማዘዙ ተጽፏል። ነገር ግን እኛ የነነዌን ጾም የምንጾመው 3 ቀን ነው፤ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ደግሞም ላሟን ሣር፥ በቅሎዋንም ገብስ ያልከለከለ ሰው፥ ድመቲቱን ብቻ ከተፈጥሮ ቀለቧ ለይቶ የሚከለክልበት ምክንያት አይታየንም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ከቅበላ በፊት ሥጋ በቤት ሳለ፥ ለድመት የሚሆን ጥቂት ሥጋ በቀጭኑ ዘልዝሎ እንደ ቋንጣ ማድረቅ ነው፤ ነገር ግን በርበሬና ጨው አይግባበት። በጾሙ ወራት ከዚህ እየቈረጡ ቀቅለው ይስጧት፤ ታውሪን ወደ ውሃው ስለሚወጣ መረቁንም አብረው ያጠጧት። ዶሮ ባለበት ቤት እንቍላል ለፋሲካ ይጠራቀማል፤ ከዚያ በሳምንት ሁለት ሦስት እየቀቀሉ ቢሰጧት ማንንም አይጐዳም፤ ነገር ግን እንቍላል ብቻውን የሥጋን ፈንታ አይሞላም። ሙስሊም ጐረቤት ያለውም ሰው፥ ከእርዱ የሚጣለውን ልብና ጣፊያ ለድመቱ ቢለምን መልካም ነው፤ እኛ በእርድ ብንለያይ ድመት አትለይምና።

ስለ መጠኑም 3 ኪሎ ለምትመዝን ድመት በቀን ከ100 እስከ 150 ግራም ሥጋ ይበቃታል፤ አይጥ የምትይዝ ከሆነች ከዚህም ያንሳል። ከሥጋው ከ20 እጅ 1 እጅ ጕበት፥ ደግሞም ልብ ይጨመርበት። የበሰለ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ስለሚወጋ አይሰጥ፤ በእርሱ ፈንታ የእንቍላል ቅርፊት ታጥቦ፥ ደርቆ፥ እንደ ዱቄት ልሞ፥ ለግማሽ ኪሎ ሥጋ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያህል ይደባለቅ። ከወጥ የተረፈውን ግን ማንም አይስጣት፤ ቀይ ሽንኵርትና ነጭ ሽንኵርት የድመትን ደም ያበላሻልና። በአዲስ አበባና በትልልቅ ከተሞች የታሸገ የድመት መኖ የሚገዛ ሰው፥ ለድመት የተሰናዳና ሙሉ ቀለብ መሆኑ የተጻፈበትን ይምረጥ፤ የውሻ መኖ ለድመት አይበቃም።

አሁን የቀረው መራጯን ማስለመድ ነው። ብዙ ሰው «ሲርባት ትበላለች» ብሎ ምግብ ይከለክላታል። ይህ አደገኛ ነው። ድመት፥ ይልቁንም ወፍራሟ፥ ሁለት ሦስት ቀን ሳትበላ ከቈየች ጕበቷ በስብ ተሞልቶ ልትሞት ትችላለች። ስለዚህ የለመደችውን በአንድ ጊዜ አንንጠቃት። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀኖች ከለመደችው ሦስት እጅ፥ ከአዲሱ አንድ እጅ ቀላቅሎ መስጠት፤ በተከታዮቹ ሦስት ቀኖች እኩል በእኩል ማድረግ፤ ከዚያም ሦስት እጁን አዲስ፥ አንድ እጁን የለመደችውን ማድረግ፤ በዐሥር ቀን ውስጥ ብዙውን ጊዜ ትለምዳለች። እምቢ ካለች አንድ ደረጃ ወደ ኋላ መመለስ ነው።

ምግቧ የቀዘቀዘ አይሁን፤ አዲስ የተያዘ አይጥ ትኵስ ነውና ለእርሷም ለብ ያለው ይሸታታል። ድመት ከምላሷ ይልቅ በአፍንጫዋ ታምናለች። በአንድ ጊዜ ብዙ ከመስጠት በቀን አራት አምስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት መስጠት ይሻላል፤ በዱር ያለችው በቀን ስምንትና ዐሥር ትንንሽ አይጥ እየያዘች የምትኖር ናትና። ሳሕኑ ዝርግና ንጹሕ ይሁን፤ ውሻና ልጆች ከማይደርሱበት ጸጥ ካለ ስፍራ ይቀመጥ። ግልገሎችም የሚበሉትን ከእናታቸው ስለሚማሩ፥ ገና በትንሽነታቸው ልዩ ልዩ ሥጋ ይቅመሱ።

ሁልጊዜ ትበላ የነበረች ድመት በድንገት ምግብ ከተወች ግን መራጭነት ነው አይባልም። ጥርሷ ታሞ፥ አፏ ቈስሎ፥ ወይም አፍንጫዋ ታፍኖ ይሆናል። አንድ ቀን ሙሉ ካልቀመሰች ወደ እንስሳት ሐኪም ትወሰድ። በጐተራ አጠገብ የአይጥ መርዝ የሚያኖር ሰውም ይህን ያስብ፤ መርዝ የበላ አይጥ ድመቲቱንም ይገድላታል፤ እርሷ ከሞተች በኋላም የሚመጣውን አይጥ የሚይዝለት አይኖርም።

ስለዚህ እናቶችና እኅቶች ሆይ፥ ለዘበኛችሁ የሚገባትን ቀለብ ቍረጡላት። በቀን የምትወስደው ሥጋ ከአንድ ጭብጥ አይበልጥም፤ የምትጠብቀው ግን የዓመት እህል ነው።