እግሬን ያጠቡኝ ለታ

ገና ሲቃረብ ከበጉና ከዶሮው ወሬ በፊት ትዝ የሚለኝ አንድ የፕላስቲክ ሳፋ ነው።

ለልደት ላሊበላ ወርጄ ነበር። ታኅሣሥ 29 ንጉሡ ቅዱስ ላሊበላም የተወለደበት ቀን ሆኖ ስለሚከበር እዚያ በዓሉ ድርብ ነው። በዋዜማው ስደርስ ከተማው በምእመን ጢም ብሏል፤ ማደሪያ አልነበረኝም። ወዲያ ወዲህ ስል አንዲት እናት ከደጃፋቸው ሆነው፣ «ልጄ፣ መሽቶብህ የለ፤ ግባ እንጂ» አሉኝ።

ውስጥ ቀናት በእግራቸው የተጓዙ እንግዶች መደቡ ላይ ተደርድረዋል። እማማ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ ይዘው የሁሉንም እግር በየተራ ያጥባሉ። እኔ ጋ ሲደርሱ አፈርኩ።

«ኧረ እማማ፣ እኔ በመኪና ነው የመጣሁት። ደግሞም ልጅዎ ነኝ።»

«በምንም ና። እንግዳ አይደለህም?»

ጎንበስ ብለው ካልሲዬን ራሳቸው አወለቁ። መዳፋቸው ሻካራ ነው። ተረከዜን አሽተው፣ በነጠላቸው ጫፍ አደረቁና እግሬን ሳሙት። እንባዬ መጣ።

እስከዚያ ለታ ገና ለእኔ የመስጠት በዓል ነበር። ለነዳያን እመጸውታለሁ፣ ለጎረቤት እልካለሁ፣ ደስ ብሎኝ እገባለሁ። በሉቃስ ወንጌል ለማርያምና ለዮሴፍ በእንግዶች ማረፊያ ስፍራ እንዳልነበራቸው ሲነበብም ራሴን የማየው በባለቤቱ ቦታ ነበር፤ እኔ ብሆን ደጄን እከፍት ነበር ወይ እያልኩ። በዚያ ምሽት ግን ደጅ የመሸበት እኔ ነበርኩ። ጌታም ወደ እኛ ሲመጣ በሰው እጅ የሚታቀፍ፣ ጡት የሚጠባ፣ በጨርቅ የሚጠቀለል ሕፃን ሆኖ ነው። ፍጥረትን የሚመግበው እርሱ አስቀድሞ ከእናቱ እጅ ተቀበለ። ይህን ስንት ዓመት ስሰማው ኖሬ የገባኝ እግሬ ሳፋ ውስጥ ሳለ ነው።

ሲነጋ ቤተ ማርያም ሄድን። ካህናቱ ግማሹ ከዓለቱ አፋፍ ላይ፣ ግማሹ ከታች ከቅጥሩ ሆነው «ቤዛ ኩሉ»ን ይቀባበላሉ፤ የላዮቹ የመላእክት፣ የታቾቹ የእረኞች ምሳሌ ናቸው። «ኩሉ» ማለት ሁሉ ነው። በዚያ «ሁሉ» ውስጥ እኔም መቆጠሬ ተሰማኝ።

እማማ አጠገቤ ነበሩ። ከኅዳር 15 ጀምሮ የጾሙትን ጾም ከእሳቸው ጋር እንድፈታ ጠየቁኝ። ሹፌሩ ይጠብቀኛል ልል አፌን ከፈትኩ።

«እሺ እማማ» አልኳቸው።