«ባትሪው ሞቷል» ሲሏችሁ

ያገለገለች የ2008 ፕሪየስ አለችኝ። ያለ እርሷ ለሌሊት ሥራ መድረስ ዘበት ነው። ባለፈው የበጋ ሙቀት ቀዩ ሦስት ማዕዘን መብራት በራ፤ ከኋላ መቀመጫው በኩል ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ይጮህ ጀመር። መካኒኩ «ትልቁ ባትሪ ሞቷል» ብሎ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ጠራብኝ። ለእናቴ መድኃኒት የያዝኩትን ላወጣ ነበር!

አንድ ጓደኛዬ ግን ከኋላ መቀመጫው በስተቀኝ ያለውን የአየር ማስገቢያ አስከፈተኝ። ማራገቢያው በአቧራና በጸጉር ታፍኗል፤ ለካስ ባትሪው አየር አጥቶ እየጋለ ኖሯል። በብሩሽ ጠርገን ኮዱን ካስጠፋን ወዲህ መብራቱ አልተመለሰም።

ብርቱካናማዎቹን ገመዶች ግን አደራ አትንኩ፤ ከ200 ቮልት በላይ ይሸከማሉ። ጠዋት አልነሳ ካለቻችሁም ከኋላ ያለችውን ትንሿን 12 ቮልት ባትሪ አስቀድማችሁ አስለኩ።

ሬሳውን ሳታዩ ለቅሶ አትቀመጡ። ቸር ይግጠመን።