የመጀመሪያው ምርመራ ፍርድ አይደለም

አንድ ወጣት ሥራ ለመቀጠር የሽንት ናሙና ሰጠ እንበል። ውጤቱ «አደንዛዥ ዕፅ ተገኝቷል» ይላል፤ እርሱ ግን የወሰደው የጉንፋን መድኃኒት ብቻ ነው። ይህ ሊሆን ይችላልን? አዎን፣ ሊሆን ይችላል።

ፈጣኑና ርካሹ የመጀመሪያ ምርመራ የሚመካው አንቲቦዲ በተባሉ ፕሮቲኖች ላይ ነው። እነዚህም ሞለኪውልን የሚለዩት በቅርጹ ነው። ይሁን እንጂ ጓጉንቸርን ከራሱ ቁልፍ ሌላ ተመሳሳዩም የሚከፍትበት ጊዜ አለ። በአንዳንድ የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥ የሚገኘው ሱዶኤፌድሪን ከአደንዛዡ ሜታምፌታሚን የሚለየው በአንዲት የኦክስጅን አቶም ብቻ በመሆኑ አንዳንድ መመርመሪያዎችን ያሳስታል። ለሳንባ ነቀርሳ የሚታዘዘው ሪፋምፒሲንና እንደ ሌቮፍሎክሳሲን ያሉ ፀረ ባክቴሪያዎችም በአንዳንድ መመርመሪያዎች ላይ የሞርፊን ዓይነት ዕፅ የተገኘ አስመስለዋል።

ቅርጽ የሚያሳስተውን ሚዛን ያርመዋል። ፍራንሲስ አስተን እ.ኤ.አ. በ1919 የሠራው መሣሪያ ዝርያ የሆነው ማስ ስፔክትሮሜትር አቶሞችንና ሞለኪውሎችን በመጠነ ቁሳቸው ይለያል። የሜታምፌታሚን የሞለኪውል ክብደት 149፣ የሱዶኤፌድሪን 165፣ የሞርፊን 285፣ የሪፋምፒሲን ደግሞ 823 ያህል ነው። በጋዝ ክሮማቶግራፊ አስቀድሞ የተነጣጠለ ናሙና በዚህ መሣሪያ በጥንቃቄ ሲመዘን እነዚህን ማምታታት እጅግ አዳጋች ነው።

«ወጪው ይበዛል» የሚሉ አይጠፉም። እስቲ እናስላው። ከ1000 ተመርማሪዎች 10ሩ ብቻ ዕፅ ተጠቃሚ ቢሆኑና ምርመራው ሁሉንም ቢያገኛቸው፣ ነገር ግን ከቀሩት 990 ሰዎች 5 በመቶውን በስሕተት ቢከስስ፣ «ተገኘባቸው» ከሚባሉት 60 ያህል ሰዎች 50ዎቹ ንጹሐን ናቸው። ሁለተኛው ምርመራ የሚያስፈልገው ለ1000ው ሳይሆን ለእነዚህ 60ዎቹ ብቻ ነው።

እርግጥ ነው፣ ሚዛንም ብቻውን ዳኛ አይሆንም። ለሕመም ወይም ለሳል የታዘዘ ኮዴይን በሰውነት ውስጥ በከፊል ወደ ሞርፊን ይለወጣል፤ መሣሪያው ሞርፊን ማግኘቱ እውነት ነው፣ ሰውየውን ግን ጥፋተኛ አያሰኘውም። ስለዚህ ውጤቱን ከሐኪም ማዘዣ ጋር የሚያገናዝብ ባለሙያ ያስፈልጋል።

በመሆኑም ማንኛውም መሥሪያ ቤት ወይም ትምህርት ቤት በመጀመሪያው ምርመራ ብቻ ሰውን ማባረር የለበትም እንላለን። ተመርማሪም የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች አስቀድሞ ያስመዝግብ፤ ምርመራውን ፈርቶ የታዘዘለትን መድኃኒት ግን ፈጽሞ አያቋርጥ። የመጀመሪያው ውጤት ጥያቄ ነው፤ መልሱ ገና ሊፈለግ ይገባል።