ወታደር የደመወዝ ጥያቄውን ለማን ያቅርብ?

መስከረም 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ብዙዎቻችን የምናስታውሰው በፑሽ አፑ ነው። ወደ 240 የሚሆኑ ወታደሮች፣ ከፊሎቹ እንደታጠቁ፣ የደመወዝ ጥያቄ ይዘው ወደ ቤተ መንግሥት ሄዱ። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አህመድ ፑሽ አፕ አዘዟቸው፣ አብረዋቸውም ሠሩ። ቪዲዮው ስልክ በስልክ ዞረ፣ ሳቅን። ከቀናት በኋላ ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሰልፉ ዓላማ ለውጡን ማጨናገፍ እንደነበር ለፓርላማ ተናገሩ። ወታደራዊ ፍርድ ቤትም በ66 ወታደሮች ላይ ከ5 እስከ 14 ዓመት እስራት ፈረደ።

መሣሪያ ይዞ ቤተ መንግሥት መግባት ልክ ነው የሚል የለም። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ያ ወታደር “ደመወዜ አልበቃኝም” ለማለት የት መሄድ ነበረበት?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ለሠራተኞች የመደራጀትና የመደራደር መብት ይሰጣል። የመንግሥት ሠራተኛን በተመለከተ ግን “የሥራው ጸባይ ከፈቀደ” የሚል ገደብ አለው። ወታደር በስም አልተጠቀሰም። ለሱ የቀረው በዕዝ ሰንሰለቱ በኩል ወደ ላይ ማመልከት ነው። ቅሬታው በራሱ አለቃ ላይ ከሆነስ? ነገሩ እዚያው ይቀራል።

እንዲህ ያለው ዝምታ ምን እንደሚወልድ አይተናል። ጥር 1966 ነገሌ ቦረና ያለው ጦር በምግብና በውሃ ምክንያት አመፀ። ንጉሡ የላኳቸውን ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ይዞ ያንኑ ምግብና ውሃ አቀመሳቸው። አመፁ ወደ ሌሎች ክፍሎች ተዛመተ፣ የደመወዝ ጥያቄም ተከተለ። ሰኔ 21 ቀን 1966 ከየክፍሉ የተወከሉ ከ100 በላይ ወታደሮች ኮሚቴ አቋቋሙ። ደርግ ማለት እኮ ኮሚቴ ማለት ነው! ከዚያ በኋላ የሆነውን ከወላጆቻችሁ ጠይቁ።

ስለዚህ መንግሥት “የወታደር ውክልና” ሲባል ቢደነግጥ ይገባኛል። ግን ያ ኮሚቴ የተፈጠረው ጥያቄው በጊዜው ሰሚ ስላጣ ነው።

እኛ ጎንደሮችም ቅርብ ጊዜ ቀምሰነዋል። መጋቢት 2015 መጨረሻ ላይ ፌዴራል መንግሥት የክልል ልዩ ኃይሎችን መልሶ ሊያደራጅ መሆኑን አሳወቀ፤ አማራጩ መከላከያ፣ ፌዴራል ፖሊስ ወይም የክልል ፖሊስ መግባት ሆነ። ጎንደርን ጨምሮ በብዙ ከተሞች ተቃውሞ ተነሳ። ዋናው ምክንያት የደኅንነት ስጋት ነበር፣ ደመወዝ አልነበረም። ሆኖም “ማዕረጌስ? ደመወዜስ? የት ልመደብ ነው?” ብሎ ለአባላቱ የሚጠይቅ ሕጋዊ ወኪልም አልነበረም። ክፍተቱን ወሬ ሞላው። ከዳባትና ከደባርቅ ገጠር ልጇን የላከች እናትም የምትሰማው ያንኑ ወሬ ነበር።

መፍትሔው አድማ አይደለም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በፈረንጆቹ 1999 ወታደር ማኅበር መግባት ይችላል ብሎ ወስኗል፤ ማኅበር መግባት ተፈቀደ ማለት ግን አድማ ተፈቀደ ማለት አይደለም። ጀርመን ደግሞ ፓርላማው የሚመርጠው የጦሩ እንባ ጠባቂ አላት፤ ተራው ወታደር አለቃውን ሳያስፈቅድ በቀጥታ ይጽፍለታል።

ማኅበሩ ለኛ ቢከብድ እንኳ ሁለተኛው አይከብደንም። ለፓርላማ ተጠሪ የሆነ የቅሬታ ቢሮ፣ ከዚያ ላይ ደመወዙን በየዓመቱ ከኑሮ ውድነቱ ጋር አይቶ ውጤቱን በይፋ የሚናገር አካል ይቋቋም። ብር በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደመወዝ ምን ያህል እንደሚገዛ ሁላችንም እናውቃለን። ወታደሩም የሚገዛው ከዚሁ ገበያ ነው።